ሦስት ሰዋስው በአንድ ከተማ፦ ድሬዳዋና የእንግሊዝኛው ውስብስብ ዓረፍተ ነገር

የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍም በዋናነት ከደጋው በወረደ ዝናብ የተነሣ ነበር። ወንዙ እንዴት ድንገት እንደሚሞላ አንድን የድሬዳዋ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ብንጠይቀው፣ «እዚህ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ደጋው ላይ ከዘነበ ይሞላል» ለማለት አይቸገርም። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጥገኛ ሐሳቦችን ከአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ጋር አስሯል። ይኸው ልጅ ያንኑ በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል «ሬይን» እና «ሪቨር» የሚሉ ቃላት ያሉባቸው፣ አንዱ ከሌላው ጋር የማይያያዝ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይደረድራል፤ ቢያያይዝም በ«ኤንድ» ነው። የጎደለው የአስተሳሰብ ብስለት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው፣ ችግሩ የሚመነጨው ልጁ በራሱ ቋንቋ አስቀድሞ የያዘውን ውስብስብነት ትምህርቱ እንደሌለ ስለሚቆጥረው መሆኑን ነው፤ በተለይ ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ቸልታ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስከፍላል።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ አንቀጾች እንኳ በ«ኢፍ»፣ በ«ዊች» እና በ«ኦልዞው» የተሳሰሩ ናቸው። ያን ትስስር መፍታት ያልቻለ ተማሪ ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ጉዳዩ የእንግሊዝኛ መምህራን ብቻ አይደለም።

የተለመደው አቀራረብ ይታወቃል። መምህሩ አያያዥ ቃላትን በሰሌዳው ላይ ይዘረዝራል፣ ከጎናቸው የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ፍቺ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ሙላ ይመጣል። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ልምምዱም ምርጫ ይሆናል። ተማሪው «ቢኮዝ» ማለት «ምክንያቱም» መሆኑን ያጠናል፤ ነገር ግን ቃሉ የሚመራው ጥገኛ ክፍል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ከማሰሪያው በፊትም በኋላም ሊውል እንደሚችል በእጁ ሠርቶ ሳያየው ዓመቱ ያልፋል። አያያዥ እንደ ተራ ቃል ተሸምድዷል፤ የዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ግን አልተነካም።

ድሬዳዋን ልዩ የሚያደርጋት በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች መሆናቸው ነው። የእንግሊዝኛው ትምህርት ግን የሦስቱንም ልጆች እንደ አንድ ተማሪ ይቆጥራል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ስህተት አይመስልም፤ ሦስቱም ግስን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፉ ቋንቋዎች ናቸው፣ ቻርልስ ፈርጉሰንም በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የቋንቋ አካባቢ ሲጽፍ ያተኮረው በጋራ ባሕርያት ላይ ነበር። ወደ ውስብስቡ ዓረፍተ ነገር ስንገባ ግን መንገዶቹ ይለያያሉ።

አማርኛ ስምን የሚገልጸውን ጥገኛ ከስሙ በፊት ያስቀምጣል፤ «ትናንት የመጣው ሰው» እንላለን። ኦሮምኛ «ነምኒ ከሌሳ ዹፌ» ይላል፤ ሰውየው ቀድሞ፣ መግለጫው ተከትሎ። ሶማሊኛም «ኒንኪ ሸላይ ይሚድ» ሲል ቅደም ተከተሉ ያው ነው። እንግሊዝኛውም «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርዴይ» ነው። ጊዜን በሚያመለክተው ጥገኛ ላይም እንዲሁ፦ የኦሮምኛው «ዬሮ» እና የሶማሊኛው «መርኪ» እንደ እንግሊዝኛው «ዌን» በር ላይ ይቆማሉ፣ የአማርኛው «ሲ» ግን «ሲዘንብ» ብሎ ከግሱ ጋር ተጣብቆ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ስለዚህ በአማርኛ የሚማረው ልጅ አያያዡን ከጥገኛው ጫፍ ወደ መነሻው፣ መግለጫውን ደግሞ ከስሙ ፊት ወደ ኋላው ማዞር አለበት። በሌሎቹ ሁለት ቋንቋዎች የሚማረው ልጅ ከዚህ ሥራ ግማሹን በቤቱ ጨርሶ መጥቷል። ማንም ግን ይህን አይነግረውም፤ ራሱን ከከተማው ልጅ ያነሰ የእንግሊዝኛ ተማሪ አድርጎ የሚቆጥር በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚማር የገጠር ቀበሌ ልጅ፣ አንድ ትልቅ ሀብት ይዞ መቀመጡን ሳያውቅ ይቀራል።

ስህተቶችም ከዚሁ ይመነጫሉ። «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ሂም» የሚለው የዘወትር ስህተት የስንፍና ውጤት ተደርጎ በቀይ ይሰረዛል። አማርኛውን ስናየው ግን «ያየሁት ሰው» በሚለው ውስጥ «ት» ተሳቢውን ተሸክማለች፤ ልጁ ያቺን «ት» በታማኝነት ወደ እንግሊዝኛ አሻግሯታል። «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «በት» የሚጨምረውም «ምንም እንኳ» ብሎ ጀምሮ በ«ቢሆንም» የሚዘጋ ቋንቋ ስላለው ነው፤ አማርኛ ተቃርኖውን በሁለት ጫፍ ምልክት ያደርግበታል። «በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኛ» ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ በ«ኤንድ» የተቀጠሉ ሦስት እኩያ ግሶች ይሆናል፤ በአማርኛው የነበረው ጥገኝነት ይጠፋል። የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በ1987 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አወቃቀር በአማርኛ ተብራርቶ ይገኛል። የእንግሊዝኛ መምህር የሚሠለጥንበት ክፍል ግን ይህን ዕውቀት የአማርኛ መምህር ጉዳይ አድርጎ ሲተወው ማየት ያሳዝናል።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ሆልገር ዲሰል በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሕፃናትን መርምሮ እንዳሳየው፣ «ቢኮዝ» በመጀመሪያ የሚመጣው «ለምን?» ለሚል ጥያቄ ለብቻው በሚቆም መልስ ውስጥ ነው፤ ከማሰሪያው ጋር የሚገጥመው ቆይቶ ነው። የእኛ መምህር «በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ» እያለ ይህን ደረጃ ያስዘልለዋል። ከዚያ በፊት በ1971 እ.ኤ.አ. ኢቭ ክላርክ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች «ቢፎር» እና «አፍተር» ያሉበትን ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ቀድሞ የተጠራውን ድርጊት ቀድሞ የተፈጸመ አድርገው እንደሚወስዱ አሳይታለች። በአማርኛ የሚማረው ልጅ እዚህ ላይ አቅም አለው፦ «ከመብላቷ በፊት ታጠበች» እያለ ስላደገ የንግግርና የድርጊት ቅደም ተከተል እንደሚለያዩ ያውቃል። ስለዚህ ለእርሱ ጥገኛው ፊት የሚውልባቸውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ማስቀደም ይሻላል፤ «ዌን ኢት ሬይንድ፣ ዘ ሪቨር ሮዝ» ዓይነት። ሐሳቡ በለመደው ቦታ ይቀመጣል፣ የሚዛወረው አያያዡ ብቻ ነው። ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ተማሪዎች ደግሞ «ሁ» እና «ዊች» ቀድመው ሊገቡ ይችላሉ፤ በመጽሐፍ እንደ ከባድ ነገር ወደ ኋላ መገፋታቸው ለእነርሱ ትርጉም የለውም።

ልምምዱን በተመለከተ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ወደ አንድ ማዋሐድ ከመዘርዘርና ከማስሸምደድ የተሻለ ማስረጃ አለው። ፍራንክ ኦሄር በ1973 እ.ኤ.አ. የሰዋስው ስያሜ ሳያስተምር በዚህ ዘዴ ብቻ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጽሑፍ ማሻሻሉን አሳይቷል፤ ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጥናቶች ማጠቃለያም ማዋሐድ ጽሑፍን ሲረዳ፣ ለብቻው የሚሰጥ የሰዋስው ትምህርት ግን አልረዳም። የእነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ እንግሊዝኛን በጆሮ ይዘው የመጡ ናቸው፤ የድሬዳዋ ልጅ ያ ጆሮ ገና የለውም። ስለዚህ ማዋሐዱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢጀመርና ወደ እንግሊዝኛ ቢሻገር እመርጣለሁ፦ አንድ ቀን በአማርኛ ወይም በሶማሊኛ፣ በማግሥቱ ያው ሐሳብ በእንግሊዝኛ። ጊዜ ያባክናል ለሚሉ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ካትሊን ሂዩና ባልደረቦቿ ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡትን ጥናት ማስታወስ ይገባል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ያመለከተ ጥናት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከከተማዋ ከራሷ ይነሣል። የድሬ ልጅ በአንድ ቋንቋ አይወሰንም። እቤቱ ኦሮምኛ፣ በክፍሉ አማርኛ፣ ቀፊራ ገበያ ሶማሊኛ የሚናገር ልጅ የትኛው ሰዋስው ነው የእርሱ? በክፍሉ የማስተማሪያ ቋንቋ ብቻ ከመደብነው እንሳሳታለን፣ በቤተሰቡ ማንነት ከመደብነው ደግሞ የበለጠ እንሳሳታለን። መነሻው የልጁ የራሱ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። መምህሩ ደጋው ሲዘንብ ደቻቱ ለምን እንደሚሞላ በፈለገው ቋንቋ እንዲናገር ይጠይቀው፣ የተናገረውን ሰሌዳው ላይ ይጻፈው፣ ከዚያ ማሰሪያው የቱ ነው፣ ጥገኛው የቱ ነው ይበል። በሌላ ከተማ ይህ የቅንጦት ሐሳብ ይሆን ነበር፤ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ያደገ መምህር ግን ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም ቋንቋዎች ይሰማል። ያን ችሎታውን «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ» በሚል ደንብ በር ላይ እንዲያስቀምጠው ማድረግና ይህም በተለይ በግል ትምህርት ቤቶች ዘንድ የጥራት ምልክት ተደርጎ መታየቱ፣ ለእኔ ተቀባይነት የለውም።

ፈተናው ካልተለወጠ ግን መምህሩ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል ፈተናዎች ላይ ተማሪው በእጁ የሚጽፋቸው ሁለት የማዋሐድ ጥያቄዎች ቢገቡ፣ የማረሚያው ድካም ይጨምራል እንጂ የማይቻል አይደለም። ክርክሩን በቅርብ መፈተንም ይቻላል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተመራማሪዎች ከሦስቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብተሮችን ሰብስበው «ሁ» ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሂም» የሚጨምሩትን ይቁጠሩ። እዚህ የቀረበው ትንተና ልክ ከሆነ ስህተቱ በአማርኛ በሚማሩት ዘንድ ጎልቶ መታየት አለበት፤ በሦስቱም እኩል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መንሥኤው ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ሳይሆን ከማስተማር ዘዴው ይሆናልና ከላይ ያቀረብሁት የአጀማመር ቅደም ተከተል እንደገና መታየት ይኖርበታል።