ጾም ሲፈታ የሚራብ ሰው

ሥጋ መብላት ከተውኩ ወዲህ የአዲስ አበባን ምግብ ቤቶች በዓቢይ ጾም አልመዝናቸውም። በ55ቱ ቀናት ሁሉም ባለሙያ ነው፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ በአንድ ትሪ ይቀርባል። ፈተናው ከትንሣኤ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው። ያን ጊዜ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።

ባለፈው በዓለ ሃምሳ ከሰፈሬ ምግብ ቤት ገብቼ በያይነቱ አዘዝኩ። «ጋሼ፣ ጾም እኮ ተፈታ!» አለችኝ አስተናጋጇ። እሺ፣ ሽሮ ይሁን አልኩ። ሽሮው ቦዘና ሆኖ መጣ። «ሥጋ አልበላም ብዬሽ አልነበረም?» ብላት፣ «ትንሽ ናት፤ ለጋሼ ብዬ ነው ያስጨመርኩት» አለች። ደግነቷን እንዴት ልውቀስ?

ወቀሳዬ ለቤቱ ነው። ሙያው አልጠፋም፤ ከሳምንታት በፊት ያንን ሁሉ ወጥ የሠራችው ያችው ወጥ ቤት ናት። የጠፋው፣ ጾመኛ ሳይሆን ሥጋ የማይበላ ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ ነው። ሪህ ይዞት ሐኪም የከለከለውም አለ፤ እንደ እኔ ወዶ የተወም አለ። ሁለታችንም ከፍለን ነው የምንበላው። በፍስክም ቢሆን አንድ ድስት ምስር ይጣድልን።