ካምቤል ስለ ተባለው ስም፤ በመዝገበ ስሞች ላይ የቀረበ ሒስ

ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆርጅ ብላክ በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ የስኮትላንድን የቤተሰብ ስሞች አመጣጥ፣ ትርጕምና ታሪክ የሚዘረዝረውን ታላቅ መጽሐፉን በ1946 ዓ.ም. አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ስለ ስኮትላንድ ስሞች የሚጽፍ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳይገልጥ ብዕሩን አያነሣም። ብላክ ለእያንዳንዱ ስም ከጥንት መዛግብትና ከርስት ሰነዶች ማስረጃ እየለቀመ ያቀርባል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቃልል ሰው ቢኖር፣ የመዛግብትን አቧራ ያልቀመሰ ሰው ብቻ ነው። እኔም የማቀርበው ሒስ የብላክን ዕውቀት የሚነካ አይደለም፤ የሚነካው መዝገበ ስም የሚባለውን የድርሰት ዐይነትና፣ ከእርሱም ተከትሎ የመጣውን፣ ስሞችን በካርታ ላይ እየነጠቡ የሕዝብን ምንጭ የመፈለግ ጥናት ነው። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነኝ «ካምቤል» የተባለውን ስም መርጫለሁ።

የቤተሰብ ስም ሲባል ለእኛ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያሻዋል። በአገራችን የደስታ ልጅ ዓለሙ ደስታ ይባላል፤ የዓለሙ ልጅ ግን ግርማ ዓለሙ እንጂ ግርማ ደስታ አይባልም። ስሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ አንድ ደረጃ እየወረደ ይለወጣል። በስኮትላንድ ደጋ የሚኖሩት የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪዎችም በጥንት ዘመን እንዲሁ ነበሩ፤ በስሞቻቸው መጀመሪያ ላይ የምናገኘው «ማክ» ትርጕሙ ልጅ ማለት ስለ ሆነ፣ ከግዕዙ «ወልደ» ጋር አንድ አገልግሎት አለው። «ክላን» የሚለውም ቃል፣ ዛሬ ጎሳ ብለን የምንተረጕመው፣ በመሠረቱ ልጆች ማለት ነው። በኋላ ግን የርስት ሰነድ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብና የመንግሥት ጽሕፈት እየበዙ ሲሄዱ ስሙ ባለበት ረግቶ ቀረ። እኔ ራሴ በባሕር ማዶ በተማርሁበት ዘመን አንድ ጸሐፊ አባቴን የቤተሰቤ ስም አድርጎ ስለ መዘገበው፣ ለሦስት ዓመት ያህል በአባቴ ስም ስጠራ ኖሬአለሁ። ብዕር የያዘ ሰው ስምን ምን ያህል እንደሚገዛው የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ካምቤል ግን «ማክ» የሌለበት ስም ነው። በጌሊክ «ካም» ጠማማ፣ «ቤል» አፍ ማለት ሲሆን፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ «አፈ ጠማማ» እንደ ማለት ይሆናል። አፉ የተጣመመ አንድ ሰው ነበረ፤ በዚያ ተጠራ፤ ቅጽሉም ለልጅ ልጆቹ ተረፈ። ካሜሮን የሚባለው የጎሳ ስም «የተጣመመ አፍንጫ» ማለት ስለ ሆነ፣ በአገሩ እንዲህ ያለ ቅጽል እንግዳ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ቤቱ ገንኖ የመኳንንት ቤት በሆነ ጊዜ ቅጽሉ ለክብሩ አልመጠነም። ስለዚህ የዘር ሐረግ ጸሐፊዎች ስሙን በላቲን «ካምፖ ቤሎ» ማለትም «ውብ ሜዳ» አሰኝተው፣ ከኖርማንዲ የመጣ ፈረሰኛ አባት ፈጠሩለት። ይህ ተረት እንዳይቆም የሚያደርጉት ነገሮች ግልጽ ናቸው። የጥንቶቹ መዛግብት ስሙን የሚጽፉት የቦታ ስም በሚጻፍበት አኳኋን አይደለም። ውብ ሜዳ በፈረንሳዮች አነጋገር «ቦሻም» እንጂ ካምቤል አይሆንም፤ ቅጽሉ ቀድሞ ይመጣልና። ዛሬ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መካከል የሚታየው፣ ሲነበብ የማይሰማው ፊደልም በመጀመሪያዎቹ መዛግብት የለም፤ በኋላ የገባ ነው።

በመዝገብ የሚታወቀው የመጀመሪያው ባለ ስም ጊሌስፒ ካምቤል ነው። በ1263 ዓ.ም. በመንግሥቱ ሒሳብ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል፤ የተጻፈውም በስተርሊንግ አጠገብ በምትገኘው በክላክማናን አውራጃ ስላሉት ስለ ሜንስትሪና ስለ ሶኪ መሬቶች ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። የካምቤሎች አገር ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በምዕራብ ጠረፍ ያለው አርጋይል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ማስረጃ የሚገኘው ከዚያ ርቆ በምሥራቅ ነው። የሕግና የታሪክ ሊቅ የሆነው ዴቪድ ሴላር በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የጥንቶቹ ካምቤሎች ኖርማኖች፣ ብሪታኖች ወይስ ጌሎች ነበሩ ብሎ ጠይቆ፣ የዘር ሐረጋቸውን ስሞች አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ ወደ ስትራዝክላይድ ብሪታኖች አዘንብሏል። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ሆኖም ሴላር የመረመረው የአንድን ቤት የአለቆች ሐረግ ብቻ ነው። በስሙ የሚጠሩት ሰዎች ግን ዛሬ በመቶ ሺሆች የሚቈጠሩ ናቸው።

የመዝገበ ስም ጉድለት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መዝገቡ በቃሉ ትርጕም ይከፍታል፤ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ባለ ስም ይጠራል፤ ከዚያም የሁለተኛውን፣ የሦስተኛውን ዓመት እያስከተለ ይወርዳል። ደራሲው «እነዚህ ሁሉ የጊሌስፒ ልጆች ናቸው» ብሎ አልጻፈም። የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ግን ያንኑ ይናገራል፤ አንባቢውም ከምንጭ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ ሰው ሳይጠይቅ ይወርዳል።

ስሙ የበዛበትን መንገድ ብንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካምቤሎች በነፃነቱ ጦርነት ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ ጎን ቆሙ፤ ኒል ካምቤል የንጉሡን እኅት አገባ፤ ከንጉሡ ጠላቶች የተወረሰው ርስትም ለእነርሱ ተሰጠ። በ1457 ዓ.ም. የአርጋይል ኧርል፣ በ1701 ዓ.ም. የአርጋይል መስፍን የሚለውን ማዕረግ አገኙ። ርስት በጦር ብቻ አልመጣም፤ በጋብቻም መጣ። በ1499 ዓ.ም. የኮደር ርስት ወራሽ የሆነችውን ሕፃን ሙሪየልን ነጥቀው ወስደው አሳደጓት፤ በ1510 ዓ.ም. ለኧርሉ ልጅ ለጆን ካምቤል ዳሯት። ሲወስዷት ሳለ ልጅቱ ወደፊት በሌላ እንዳትለወጥ ሞግዚቷ የትንሽ ጣቷን ጫፍ ነክሳ ቈረጠች ይባላል። ተረት ሊሆን ይችላል፤ የኮደር ካምቤሎች ግን ከዚያች ሕፃን ወዲህ ያሉ ናቸው። መሬቱ ወደ አዲስ ባለርስት በዞረ ቍጥር በላዩ የሚኖረው ጭሰኛ አብሮ ይዞራል፤ የቤተሰብ ስም ያልነበረውም ሰው የጌታውን ስም ይይዛል። ይህ ሰው ከጊሌስፒ ጋር በደም አይገናኝም፤ የሚገናኘው በግብር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የማክግሬጎሮች ጉዳይ ነው። በየካቲት 1603 ዓ.ም. በግሌን ፍሩን በተደረገው ግጭት ማክግሬጎሮች ብዙ ሰው ስለ ገደሉ፣ የንጉሡ ምክር ቤት በሚያዝያ 3 ቀን በዚያው ዓመት ስማቸውን ራሱን ሻረው። ማክግሬጎር ተብሎ መጠራት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። አለቃቸው አላስዴር በ1604 ዓ.ም. መጀመሪያ በኤዲንብራ ተሰቀለ። እገዳው በ1661 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ በ1693 ዓ.ም. ተመልሶ ጸንቶ፣ ፈጽሞ የተሻረው በ1774 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰዎቹ ከምድር አልጠፉም። የጎረቤቶቻቸውንና የጠባቂዎቻቸውን ስም እየያዙ ድራመንድ፣ መሪ፣ ግራም፣ ስቱዋርት ተባሉ፤ ካምቤልም ተባሉ፤ ርስታቸውን ከወሰዱባቸው መካከል ዋናዎቹ ካምቤሎች መሆናቸው እየታወቀ። በ1734 ዓ.ም. የሞተው ስመ ጥሩው ሮብ ሮይ በእናቱ ስም ካምቤል እያለ ይፈርም ነበር። እገዳው በተነሣ ጊዜ 826 ሰዎች ማክግሬጎር ነን ብለው ፈርመው አለቃቸውን መረጡ፤ የተመረጠውም ሰው ራሱ እስከዚያ ቀን ድረስ ጆን መሪ እየተባለ የሚጠራ ነበር። ሁሉ ግን ወደ አባቶቹ ስም አልተመለሰም። ልጆቹ የተጠመቁበትን፣ ውሉ የተጻፈበትን ስም ለመለወጥ ያልፈለገው እዚያው ቀረ። ሰማንያ አንድ ዓመት ቈይቶ፣ በ1855 ዓ.ም. የስኮትላንድ መንግሥት ልደትንና ሞትን ሁሉ በግድ መመዝገብ ሲጀምር፣ እነዚህ ሰዎች በካምቤልነት ወይም በድራመንድነት ተጻፉ። ካርታ ሠሪዎች የሚቈጥሩትም ይህንኑ ዐይነት መዝገብ ነው።

በአየርላንድ ሰሜን፣ በአልስተር፣ ነገሩ ደግሞ በሌላ ፊት ይታያል። በዚያ ካምቤል ከተባሉት ከፊሎቹ ከስኮትላንድ የተሻገሩ ሰፋሪዎች ልጆች ናቸው። ሌሎቹ ግን የታይሮን ተወላጆች፣ በአይሪሽ ቋንቋ ማክ ካህዊል የሚባሉ ነበሩ፤ ትርጕሙም «የጦር አለቃ ልጅ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህን ስም ሲሰማ ቅርብ የመሰለውን ካምቤልን ጻፈለት። እንግዲህ በካርታው ላይ በአንድ ቀለም የተነጠቡት ሰዎች በደም ብቻ ሳይሆን በቃሉም አይገናኙም፤ ከእነዚህ አንዱን «የስምህ ትርጕም አፈ ጠማማ ነው» ብንለው ሐሰት መናገራችን ነው።

ወደ ጃማይካ እንሻገር፤ በዚያች ደሴት ካምቤል እጅግ ከተስፋፉት ስሞች አንዱ ነውና። ስኮትላንዳውያን በዴሪየን ሊመሠርቱት የሞከሩት ቅኝ ግዛት በ1700 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ከተረፉት አንዱ ኮሎኔል ጆን ካምቤል ወደ ጃማይካ ሄዶ ተከለ፤ ዘመዶቹም ተከተሉት። ማክግሬጎሮች ስማቸውን ባገኙበት በዚያው በ1774 ዓ.ም. ኤድዋርድ ሎንግ የጃማይካን ታሪክ በሦስት ቅጽ አሳተመ፤ በዚያም ውስጥ ከአርጋይል ቤት ጋር ዝምድና አለን የሚሉ አንድ መቶ ያህል ካምቤሎች በደሴቲቱ እንደሚኖሩ መስማቱን ይናገራል። ስለ ስሙ ስርጭት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቍጥር ይወዱታል። ነገር ግን ሎንግ የባሪያ ጌቶች ወገን ነበር፤ የቈጠረውም ነጮቹን ብቻ ነው። በሸንኰራ አገዳው እርሻ ላይ የሚሠሩት አፍሪካውያን በእርሱ ቍጥር የሉበትም። በ1817 ዓ.ም. የባሪያዎች መዝገብ ሲጀመር እንኳ፣ ሰዎቹ በአብዛኛው በአንድ ነጠላ ስም፣ ከዕድሜያቸውና ከቀለማቸው ጋር፣ በጌታቸው ስም ሥር ተጻፉ።

የነፃነት ሕግ በ1834 ዓ.ም. ሲጸና በደሴቲቱ ከ300,000 በላይ ሰዎች በባርነት ነበሩ፤ ፍጹም ነፃ የወጡት በነሐሴ 1 ቀን 1838 ዓ.ም. ነው። የቤተሰብ ስም የያዙት በጥምቀት ጊዜ ወይም ከነፃነት በኋላ ነው። አንዱ የጌታውን ስም ያዘ። ሌላው የእርሻው ተቈጣጣሪ የነበረ ስኮትላንዳዊ አባቱ ነበርና የእርሱን ያዘ፤ አባትየው ልጄ ብሎት ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ የክርስትና አባቱን ወይም በሰፈሩ የታወቀ ሰው ስም መረጠ። ዛሬ በኪንግስተን ካምቤል የተባለ ሰው ከእነዚህ መንገዶች በየትኛው እንደ መጣ ከስሙ ፊደል ማወቅ አይቻልም። በአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራም ካምቤል ከተባሉት ከአምስት አንዱ ያህል ጥቍር አሜሪካዊ ነው።

ብላክ በሕይወት ቢኖር «የእኔ መጽሐፍ የስኮትላንድ እንጂ የጃማይካ አይደለም» ብሎ ይመልስልኝ ይሆናል። መልሱ ግን አያጠግበኝም። የጃማይካ ስኳር ገንዘብ ወደ ስኮትላንድ የተመለሰ ነው፤ ርስት የተገዛበት፣ ቤት የታነጸበት ነው። ገንዘቡ የስኮትላንድ ታሪክ ከሆነ ስሙስ ስለ ምን አይሆንም?

ስለ ካርታዎቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አርጋይልን አጥቍረው፣ አልስተርን አደብዝዘው፣ ጃማይካን ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ ትተው የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው። የስሙን መገኛ ቦታ በትክክል ያመለክታሉ፤ ስሕተታቸው «መነሻ» የሚል አርእስት ሲደረግባቸው ነው። የዘር ቅንጣት ምርመራም ቢሆን ይህንኑ ያጠነክራል፤ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ የተባሉት የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ዓ.ም. በ40 የብሪታንያ ስሞች ላይ ያደረጉትን ጥናት ሲያወጡ፣ ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን ባለ ስሞቹ ወደ ጥቂት አባቶች እንደሚሰበሰቡ፣ ስሙ በተስፋፋ መጠን ግን ከተራው ሕዝብ እንደማይለዩ አሳይተዋል። ካምቤል ከተስፋፉት ወገን ነው።

እንግዲህ ስለ ካምቤል የሚጻፍ አዲስ ምዕራፍ በ1263 ብቻ መጀመር የለበትም ባይ ነኝ። 1603 የራሱ አንቀጽ ይገባዋል፤ ታይሮንም፤ 1838ም። ለመጨረሻው የሚያስፈልገው ማስረጃ አለ፤ የጃማይካ የባሪያዎች መዝገብ በለንደን በኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ የደብሮቹ የጥምቀት መዝገብም አለ። በሁለቱ መካከል አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው በድሮ ነጠላ ስሙና በአዲሱ ስሙ ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል። የስም ተመራማሪ የጊሌስፒን መስመር ባነበበበት ትዕግሥት ይህንንም መስመር ያንብብ።