ጣሪያ የሌለው ግንብ

በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ በኮምፒውተር ሞዴል ለመሥራት ከባዱ ትልቁ የፋሲል ግንብ አይመስለኝም። ፎቁም ክብ ማማዎቹም ቆመው ስለሚታዩ የሚለካው ነገር እጅ ላይ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጎረቤቱ የአፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ከከተማዋ ለማስወጣት ሲዋጉ በቦምብ ተመታ። ውስጡ በወርቅ ቅብ፣ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ ከላዩ ሰማይ ነው።

ሥራዬ የሚጀምረው በፎቶ ነው። እያንዳንዱ የግድግዳ ክፍል ቢያንስ ሦስት ፎቶ ላይ እንዲገኝ እያደራረብኩ አነሳለሁ፤ ፕሮግራሙ የሚመሳሰሉትን ነጥቦች አገናኝቶ ቅርጹን ያሰላል። ፎቶ ብቻውን መጠን ስለማይናገር በሜትር የተለካ ምልክት ግድግዳው ሥር አቆማለሁ። ደመናማ ቀን እመርጣለሁ፤ የጠራራ ፀሐይ ጥላ ምስሉ ላይ ታትሞ ይቀራልና።

ይህ ሁሉ ግን የሚይዘው ቆዳውን ብቻ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቀሙ፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አምቆ ድንጋዩን ስለሚጎዳ በኋላ የመጡ ጠጋኞች እያነሱ በኖራ ተክተውታል። የትኛው መጋጠሚያ ባዶ እንደሆነ ካሜራዬ አያውቅም። አብሮኝ የሚሠራው ግንበኛ ግን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ በድምፁ ይለየዋል። እሱ ያለኝን ሞዴሉ ላይ በቦታው ምልክት አደርጋለሁ፤ ያኔ ነው ሥዕሉ ለጥገና የሚጠቅመው።

ከግንበኛው ጋር መስማማት ቀላል ነው። ክርክሩ የሚነሳው ጣሪያው ላይ ስንደርስ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ዲዛይነር ያው ኢያሱ መጀመሪያ ካሠራው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የመላእክቱን ፊት ወስዶ በግንቡ ቅስት ላይ አለበሰው። ስክሪኑ ላይ ያምር ነበር። አብሮን የሚሠራው ሰዓሊ አይቶ ወዲያው ተቃወመ፦ እነዚያ ፊቶች በእንጨት ተሸካሚዎች መካከል ላለ ጠፍጣፋ ጣሪያ የተሣሉ ናቸው፤ ቅስት ላይ ሲታጠፉ ዓይናቸው ከሰው ላይ ይሸሻል። ደግሞም የጸሎት ቤት ጌጥ ነው፤ ንጉሥ ግብር የሚያበላበት አዳራሽ ምን አገናኘው? ይህን የሚነግረን ፕሮግራም የለም። ሦስታችንን አንድ ስክሪን ፊት ያስቀመጠን ግን ፕሮግራሙ ነው፤ ድሮ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ወረቀት ይዘን ስለምንሄድ ይህ ክርክር አይነሳም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ጥገና ግምት ከጀመረበት ላይ ይቁም ይላል። እኔ ይህ ለኮምፒውተር ሥዕልም ይሠራል ባይ ነኝ፤ እንዲያውም ይብሳል፤ የኮምፒውተር ግምት እንደ ፎቶ ያሳምናልና ልጆች እንደ እውነት ይይዙታል። ስለዚህ የለካሁትን በራሱ ቀለም፣ ከተረፈው ግድግዳ ያሰላሁትን በግራጫ፣ በአፍ ብቻ የሚነገረውን በቀጭን መስመር እተዋለሁ። የዝሆን ጥርሱ በመስመር ቀርቷል።

ወጣቱ አሁን የያዘው የብርሃን ጥናት ነው። የተረፉት መስኮቶች ቦታቸው ይታወቃል፣ የፀሐይም መንገድ ይሰላል፤ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ በወር በወሩ ያወጣል። ሰዓሊው ውጤቱን እየጠበቀ ነው። ብርሃን በማይደርስበት ጥግ የወርቅ ቅብ ነበር የሚለኝን አላምንም ብሏል።