የተዘለሉት ሁለት ሕፃናት፤ ማኅበራዊና ግብረ ገባዊ እሴቶች በአንድ የገና ካርቱን ፊልም

አንድ የውርስ ትርጉም ሥራ ሲመዘን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ለምንጩ ያለው ታማኝነት ነው። በበኩሌ ይህ ጥያቄ ብቻውን በቂ አይመስለኝም፤ የተቀነሰውና የተጨመረው ነገር የሥራውን የግብረ ገብ ሚዛን ወዴት እንዳጋደለው መመርመርም ይገባል። ከዚህ አኳያ የዋልት ዲስኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣውን፣ በርኒ ማቲንሰን ያዘጋጀውንና 26 ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን «የሚኪ የገና መዝሙር» ቻርልስ ዲክንስ በ1843 ካሳተመው ድርሰት ጋር አነጻጽራለሁ።

የሁለቱ ዐፅመ ታሪክ አንድ ነው። ገንዘብ አምላኪው ስክሩጅ በገና ዋዜማ የሟች ሸሪኩ የማርሌ መንፈስ ይገለጥለታል። ቀጥለውም ሦስት መናፍስት ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ያሳዩታል፤ ሲነጋ ተለውጦ ይነሣል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከማርሌ ኃጢአት ነው። የዲክንስ ማርሌ በሰንሰለት የታሰረው በሕይወት ሳለ ከንግድ ቤቱ ወጥቶ የሰውን ችግር ባለማየቱ ነው። በፊልሙ በጉፊ የተመሰለው ማርሌ ግን ባልቴቶችን የዘረፈ፣ ድኾችን ያጭበረበረ ነው። በድርሰቱ የስክሩጅ እጮኛ የምትለየው ፍቅሩ ለገንዘብ መሆኑን ተረድታ ሲሆን፣ በፊልሙ ስክሩጅ የክፍያ ሰዓት አሳለፍሽ ብሎ ቤቷን ይወስድባታል። እንግዲህ የግዴለሽነት ኃጢአት ወደ ዝርፊያና ጭካኔ ተለውጧል ማለት ነው። ይህ ለተመልካች ምቹ ነው፤ ማንንም ያልዘረፈ ሰው ፊልሙን አይቶ ንጹሕ ነኝ ብሎ ይነሣል። ዲክንስ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ነበር የከሰሰው።

ሁለተኛው ለውጥ ለድኾች ገንዘብ የሚለምኑት ሰዎች ሲመጡ ይታያል። የድርሰቱ ስክሩጅ እስር ቤቶቹና የድኾች ማሠሪያ ቤቶቹ ተዘጉ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ስድቡ የዘመኑን ሕግና ተቋማት ይነካል። የፊልሙ ስክሩጅ ድኾች ገንዘብ ካገኙ ድኾች መሆናቸው ስለሚቀር እናንተም ሥራ ትፈታላችሁ ብሎ ይቀልዳል። ሳቁ ይገኛል፤ ተቋማቱ ግን ከነገሩ ወጥተዋል።

ከሁሉ የሚከፋው መዝለል የሁለቱ ሕፃናት ነው። በድርሰቱ የአሁኑ ገና መንፈስ ከልብሱ ሥር ድንቁርናና ችጋር የተባሉ፣ የከሱና የተጎሳቆሉ ሁለት ልጆችን አውጥቶ ያሳያል። ዲክንስ በ12 ዓመቱ በጫማ ቀለም ፋብሪካ የሠራ ሰው ነበር፤ በ1843ም ስለ ሕፃናት ሠራተኞች በወጣው የመንግሥት ሪፖርት ተነሣሥቶ ነበር። እነዚህ ልጆች በፊልሙ የሉም።

ፊልሙ ለሕፃናት የተሠራና አጭር ስለሆነ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ ሪቻርድ ዊልያምስ በ1971 የሠራው፣ በኋላም የኦስካር ሽልማት ያገኘው የካርቱን ፊልም ርዝመቱ ተቀራራቢ ሲሆን ሁለቱን ሕፃናት አልተወም። ጉዳዩ የምርጫ እንጂ የጊዜ አይደለም። በሌላ በኩል የዲስኒውን ፊልም በጎ ጎን መካድ አይገባም፤ ቦብ ክራቺት የትንሹን ልጁን ምርኩዝ ያለ ቃል መቃብሩ ላይ ሲያስቀምጥ የሚታይበት ትዕይንት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ይህን ልዩነት ዲላ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ነበር፤ ብዙዎቹም በጌዴኦ ዞን ተጠለሉ። ድንቁርናና ችጋር በዚያን ጊዜ ምሳሌያዊ ገፀ ባሕርያት አልነበሩም፤ ከትምህርት ገበታ የወጡና የተራቡ ልጆች ነበሩ። ያንን ያየ ተማሪ ክፋት ማለት ዝርፊያ ብቻ ነው የሚል ታሪክ አይበቃውም።

በጌዴኦ ባህል ሶንጎ በዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበትና የሚያስታርቁበት ስፍራ ነው። በደል በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ ዕርቁም የማኅበረሰቡ ጉዳይ ይሆናል። የስክሩጅ ንስሐ ግን በድርሰቱም በፊልሙም በመኝታ ቤት የሚፈጸም የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ድርሰቱን ከዚህ ጥበት የሚያወጡት ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፤ ስክሩጅ ቢለወጥም እነርሱ ገና ተርበው ይቀራሉና። ፊልሙ እነርሱን ሲያስወጣ ገናን የቸርነት በዓል አድርጎ አቆይቷል፤ የኃላፊነት ጥያቄውን ግን አጥቷል። ስለዚህ ይህን ፊልም ለክፍል የሚመርጥ መምህር የድርሰቱን የሕፃናት ትዕይንት አብሮ ቢያስነብብ፣ ተማሪዎቹ የትኛው ታሪክ እነርሱንም እንደሚጠይቅ ራሳቸው ሊለዩ ይችላሉ እላለሁ።