ከባንኮኒው ወዲያ ያለው ሰው

ስደተኛ በባዕድ አገር ሠርቶ ማደሩ ብቻ የዚያ ኅብረተሰብ አባል ያሰኘዋልን? ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝኛ ያሳተመው፣ ርእሱ «ሰማይ የያዛቸው ውብ ነገሮች» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ልብ ወለድ የሚያነሣው ዐቢይ ጥያቄ ይህ ነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሴፋ እስጢፋኖስ በቀይ ሽብር ዘመን አባቱን አጥቶ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ በዋሽንግተን ከተማ ሎጋን ሰርክል በተባለ ሠፈር አነስተኛ ሱቅ ይዟል። ከ17 ዓመት በኋላም ልቡ አላረፈም። ከአንድ ኮንጎአዊና ከአንድ ኬንያዊ ወዳጆቹ ጋር የአፍሪካን ካርታ እያየ፣ የአምባገነኖችን ስምና የመፈንቅለ መንግሥታትን ዘመን በመጠያየቅ ይጫወታል። ደራሲው የሦስቱን የጋራ ቁስል ያለ ስብከት፣ በጨዋታ መልክ ማቅረቡ የድርሰቱ ታላቅ ብርታት ነው። ባለገንዘቦች የሠፈሩን ቤቶች እየገዙ ሲያድሱ ድኾቹ ነባር ነዋሪዎች ይፈናቀላሉ፤ ሴፋም ከአንዱም ወገን ሳይሆን በመካከል ይቀራል።

ድርሰቱ ድክመትም አለው። አጎቱ የሚኖርበት፣ ኢትዮጵያውያን የሞሉበት ሕንፃ የሚታየው በሴፋ የትካዜ መስኮት ብቻ ነው። ስደተኛ በባዕድ ምድር የሚቆመው በዕድርና በጸሎት ቤት፣ ተደጋግፎ መሆኑ በቂ ስፍራ አላገኘም።

ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ ይህን መሰል ሱቅ እንግዳ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ በባቲ በኩል ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ከቀይ ባሕር ማዶ ዕቃም ሰውም ይመጣ ነበር። የመናውያን ነጋዴዎች በደሴ ሱቅ ከፍተው፣ አማርኛ ለምደው፣ ከአገሬው ተጋብተው ኖረዋል። ከ1967 ዓ.ም. የመውረስ አዋጆች ወዲህ ብዙዎቹ አገሪቱን ለቀው ቢሄዱም፣ የአረብ ገንዳ ስም ዛሬም አለ። ከአረብ ቤት ስኳር ሊገዛ ይላክ የነበረው ሕፃን በባለሱቁ አነጋገር ሲስቅ አድጓል፤ ሰውየው ማታ ሱቁን ዘግቶ ማንን እንደሚያስብ ግን አልጠየቀም። ከሁለቱ ወገን የተወለደው ልጅስ ራሱን ከየትኛው ይቈጥር ነበር?

ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው እየተባለ በየመድረኩ ይዘፈናል። ምስጋናው እውነትነት ቢኖረውም፣ ማረጋገጫው የአስተናጋጁ ቃል ሳይሆን የእንግዳው ምስክርነት ነው። እንግዳው ያልተናገረበት ሙገሳ ግማሽ እውነት ነው፤ ኪነ ጥበብ ደግሞ በግማሽ እውነት አይቆምም። ሎጋን ሰርክልን ከባንኮኒው ወዲያ ሆኖ ያየ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ተገኝቷል። አረብ ገንዳንም ከባንኮኒው ወዲያ ሆኖ የሚያይ ጸሐፌ ተውኔት ከደሴና ከኮምቦልቻ ይጠበቃል።