«ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ» በደም ምርመራ ሲለካ፦ በአንድ ቀመር ላይ የቀረበ ሂስ

ሰው ስንት ዓመት እንደኖረ የቀን መቁጠሪያ ይነግረናል፤ አካሉ ምን ያህል እንዳረጀ ግን አይነግረንም። በስድሳ ዓመቱ ዳገት የሚወጣ ሰው አለ፤ በአርባ አምስት ዓመቱ ጥቂት ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልክም አለ። ይህን ልዩነት በምርመራ የመለካት ፍላጎት አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም አሌክስ ኮምፈርት የሰውን የእርጅና ፍጥነት የሚለካ የምርመራዎች ስብስብ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ያቀረቡት በ1969 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ ጉዳዩ ከምርምር ክፍል ወጥቶ ገበያ ላይ ውሏል። ስለሆነም ውጤቱን በእጁ ይዞ «ዶክተር፣ በእርግጥ አርጅቻለሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ ታካሚ የምንሰጠው መልስ ሊኖረን ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሞርጋን ሌቪንና ባልደረቦቻቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን፣ «ፌኖኤጅ» በመባል የሚታወቀውን ሥራ ነው።

በቅድሚያ የሥራውን ጥንካሬ መመስከር ተገቢ ነው። ተመራማሪዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት መረጃ ላይ ተመሥርተው ከ42 የምርመራ ዓይነቶች መካከል ዘጠኙን መርጠዋል። እነዚህም አልቡሚን፣ ክሬያቲኒን፣ ግሉኮስ፣ ሲ.አር.ፒ፣ የሊምፎሳይት መቶኛ፣ የቀይ ደም ሕዋስ አማካይ መጠን (ኤም.ሲ.ቪ)፣ የመጠኑ መለያየት (አር.ዲ.ደብልዩ)፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ እና የነጭ ደም ሕዋሳት ቁጥር ናቸው። አብዛኞቹ በየሆስፒታሎቻችን የምናውቃቸው ምርመራዎች ሲሆኑ ቀመሩም ለማንም ግልጽ ሆኖ ታትሟል። በሌላ የጥናት ቡድን ሲፈተሽም ውጤቱ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር የሞት አደጋ በ9 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ለሕዝብ ጤና ጥናት ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑ አያከራክርም።

ሂሳችን የሚጀምረው ከስያሜው ነው። ቀመሩ የሚያሰላው የሞት አደጋን ነው፤ ከዚያም ያንኑ አደጋ ወደ ዓመት ይመነዝረዋል። «ዕድሜዎ 58 ነው» ሲባል ትርጉሙ «የሞት አደጋዎ በጥናቱ ከተካተቱት የ58 ዓመት ሰዎች አማካይ ጋር ይቀራረባል» ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው ታካሚው ስለ ሰውነቱ የሚሰማው ፍርድ ሲሆን ሁለተኛው ስለ ብዙ ሰዎች የተነገረ ግምት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በቀመሩ መሠረት ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ አር.ዲ.ደብልዩ በአንድ በመቶ ሲጨምር ውጤቱ በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ያድጋል። በብረት ማነስ ምክንያት የደም ማነስ ያለባት ወጣት እናት አር.ዲ.ደብልዩ ከ13 ወደ 17 ቢወጣ፣ ኤም.ሲ.ቪዋም ከ90 ወደ 75 ቢወርድ፣ ሁለቱ ተደምረው እናቲቱን በ10 ዓመት ያህል «ያስረጇታል»። የብረት እንክብል በአግባቡ ወስዳ ስትድን ደግሞ አሥሩ ዓመት ይመለስላታል። እናቲቱ ታማ ነበር እንጂ አላረጀችም። የሚያስፈልጋትም የደም ማነሷን ምክንያት የሚፈልግ ሐኪም ነው። በተቃራኒው፣ ጡንቻው የመነመነ ሕመምተኛ ክሬያቲኒኑ ዝቅ ስለሚል በዚያ መለኪያ ረገድ ብቻ «ወጣት» ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ድምር ቁጥር ልንመረምረውና ልናክመው የሚገባንን ነገር ሊሸፍንብን እንደሚችል ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ሌላው ጉዳይ በተለይ አገራችንን ይመለከታል። ከዘጠኙ ምርመራዎች በተጨማሪ ቀመሩ የታካሚውን የልደት ዕድሜ ይጠይቃል፤ የውጤቱም ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአዛውንቶቻችን ዕድሜ በካርድ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በግምት፣ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ነው። የአምስት ዓመት ስሕተት በካርዱ ላይ ካለ ከአራት ዓመት በላይ ስሕተት በውጤቱ ላይ ይኖራል። የልደት ዕድሜውን በውል ባላወቅነው ሰው ላይ «ከዕድሜው በላይ አርጅቷል» ብሎ መፍረድ አይቻልም።

በዲ.ኤን.ኤ ሜቲሌሽን ላይ የተመሠረቱት ውድ ምርመራዎችስ ከዚህ ችግር ነፃ ናቸውን? በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ያው አንድ ናሙና ሁለት ጊዜ ሲመረመር በታወቁት ቀመሮች ውጤቱ እስከ 9 ዓመት ሊለያይ እንደሚችል አሳይቷል። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው የካለሪ ጥናት ደግሞ ለሁለት ዓመት ምግባቸውን የቀነሱ ጤነኛ ሰዎችን ሲመረምር በአንደኛው መለኪያ የእርጅና ፍጥነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ቀንሶ ሲገኝ፣ ፌኖኤጅና ግሪምኤጅ በተባሉት መለኪያዎች ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በእርግዝና ወቅት የሚጨምረው «ዕድሜ» በኋላ ተመልሶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። መለኪያዎቹ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ታካሚው የትኛውን ይመን?

ይህን ስንል ምርምሩ ይቁም ማለታችን አይደለም። በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ሲሠራበት የአንዱ ስሕተት በሌላው ይካካሳልና ጠቀሜታው የጎላ ነው። ለአንድ ታካሚ የሕክምና ውሳኔ ለመስጠት ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ ውጤቱን ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ ድምሩን ወደ ጎን ትተን ዝርዝሩን እናንብብለት፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ እንደሆነ፣ ኩላሊቱ ደክሞ እንደሆነ፣ ደሙ አንሶ እንደሆነ እንይለት፤ የደም ግፊቱንም እንለካለት፤ የደም ግፊት ከዘጠኙ መለኪያዎች ውስጥ የለምና። ዕድሜውን ልንቀንስለት አንችልም፤ ሕመሙን ግን ብዙ ጊዜ ልናክምለት እንችላለን።