ቆዳና ደመና፦ የሠዓሊ ለማ ጉያ ጥበብ በሪራ አንጻር

ከጎባ ተነሥቶ የሳኔቲን አምባ ምድር አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ ሪራ ሲደርስ በሁለት ዓለም መካከል ይቆማል። በስተኋላው 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ ጅብራ የቆመበትና ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት ብርዳም ሜዳ አለ፤ በስተፊቱ አስታው፣ ኮሶውና ቀርከሃው ተከታትለው የሐረና ደን ከደመና በታች ይዘረጋል። ይህን ለመሳል የሚነሣ ሰው ከማን ይማር?

ጥያቄው ሠዓሊ ለማ ጉያን ያስታውሳል። የቢሾፍቱ አካባቢ ተወላጅና የአየር ኃይል ባልደረባ የነበሩት እኒህ ሠዓሊ የቀለምን ጠባይ ያወቁት በራሳቸው ጥረት ነበር። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ስማቸው ከፍየል ቆዳ ጋር ተያይዞ ኖረ። ስለ እርሳቸው ሲነገር ግን «ሳይማሩ እንዲህ ሣሉ» የሚለው አድናቆት ይቀድማል። ይህ አድናቆት ግማሹ ንቀት ነው፤ ሥራውን ከመመርመር ያድነናልና።

እንመርምረው። ቆዳ እንደ ሸራ ባዶ አይደለም፤ ብሩሽ ሳይነካው አስቀድሞ የራሱ ቀለም፣ የራሱ ጠባሳ አለው። በሸራ ላይ ሠዓሊው ብርሃንን ከንጣቱ ይዋሳል፤ በቆዳ ላይ ግን ከቡናማው ጥላ ውስጥ ራሱ ፈልቅቆ ማውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ የሽማግሌ ፊት በለማ ቆዳ ላይ ሲታይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ይመስላል። የበጋ መሬት፣ የአውድማ አቧራም እንዲሁ ለቆዳ ቅርብ ናቸው። ትምህርት ቤት ያላስተማረው ይህ መፍትሔ የሠዓሊው እውነተኛ ግኝት ነው።

ወሰኑም እዚያው ላይ ነው። ከገደሉ ሥር የሚነሣው የሪራ ጉም ቡናማ አይደለም። ፈረንሳዊው የቀረጥ ሠራተኛ ሄንሪ ሩሶም ያለ መምህር የሣለ ነበር፤ ከአገሩ ሳይወጣ፣ በፓሪስ የዕፀዋት ሥፍራ ያያቸውን ቅጠሎች አግዝፎ ጫካ ፈጠረ። ጫካው ያስደንቃል፤ ነገር ግን ንብ የሚያነባ ሰው የለበትም። በሐረና ቀፎው ከዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ቤቱ ከቀርከሃ ተሠርቷል፤ ከብቱ በደኑ ውስጥ ይሰማራል። ሰውን አውጥቶ አረንጓዴውን ብቻ የሚያስቀር ሥዕል ለጎብኚ የሚሸጥ የፖስታ ካርድ ይሆናል።

የፍየል ቆዳ በሪራም አይጠፋም። የቀርከሃውን አረንጓዴ ግን ቆዳው አይሰጥም፤ የለማን መንገድ የሚከተል ወጣት ሊፈታው የሚገባው የመጀመሪያ ችግር ይኸው ነው።